ከፖሊሶቹ ጀርባ የሚያልፈው ሰው

ታኅሣሥ 20 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ንፋስ መውጫ።

ልጄ ጥላዬ፣ የቤተ ልሔሟ እመቤት በሄድህበት ሁሉ ትቅደምልህ። ውርጩ ጠንክሯል፤ ላማችን ወልዳለች፤ አባትህም ጉልበቱን ያመዋል እንጂ ደህና ነው።

ድፍን አገር አደነቀው፣ ተሸለመም ብለህ የላክኸውን የወንጀል ድራማ ትናንት ከቅዳሴ መልስ መምህር ምንይችል ቤት አየነው፤ ጎረቤታችን ፋንቱም ነበረች። በረዶው፣ መብራቱ፣ ልብሳቸው ሲያምር! ታሪኩ ግን አልያዘኝም። ሰው ተገድሎ አልቃሽ እንኳ የለውም።

«አንተ ምንይችል፣ የሟች እናት የት ሄደች?» አለች ፋንቱ።

«እሷን አላሳዩም።»

«ታዲያ ምኑን ተሸለሙ?» ብላ አሳቀችን።

እኔስ ገዳዩን ትቼው ነበር። ከተማው አንተ ያለህበት ነው ሲሉኝ፣ ከፖሊሶቹ ጀርባ የሚያልፈውን ሁሉ ሳይ ዋልሁ። ከሄድህ አምስት ዓመት ሆነህ እኮ።

ዛሬ ጠዋት ብቻዬን ተመልሼ ሄድሁ። ምንይችል ድራማውን አንዱ ጎዳና ላይ አቆመልኝ። ኮፍያ ያጠለቀ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ በበረዶው ላይ ይሄዳል።

«እትዬ፣ እሱ እኮ አይደለም» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልሁት፤ ግን ቶሎ አልተነሣሁም።

እግዜር ከብርዱም ከክፉ ሰውም ይሰውርህ። ስትደውል ስለ ድራማው አትጠይቀኝ፤ ጠዋት ከቤትህ ወጥተህ በየት በኩል እንደምትሄድ ብቻ ንገረኝ።

እናትህ ዕፀገነት