ግራና ቀኝ ጎኗ ለየብቻ ስለተቆጠረባት ነብር

ለተከበሩ የዱር እንስሳት ጥበቃ ቢሮ ኃላፊ፣

ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎም የተመቸ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ ባለፈው ወር በአንድ መስመር ደብዳቤ ያሰናበቱኝ ነብር ቆጣሪዎ ይህን በአደባባይ እጽፍልዎታለሁ፤ ዘበኛው እንዳያስገባኝ ስላዘዙት ሌላ በር አላገኘሁም።

አንደኛ፣ የሸለቆው ነብሮች ከስድስት ወደ አሥራ ሁለት ማደጋቸውን ስላበሰሩን አመሰግናለሁ። የነብር የግራ ጎን ነጠብጣብ ከቀኙ ስለማይመሳሰል፣ ዛፍ ላይ ያሰርናቸው ካሜራዎች የሚያነሷቸው የሁለቱ ጎኖች ፎቶዎች ተገናኝተው ነው የሚቆጠሩት። ቢሮዎ ግን ግራውን አንድ ነብር፣ ቀኙን ሌላ ነብር አድርጎ ቆጠረ። ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ባስታውቅም መልስዎ «የኔ ልጅ፣ ደስታችንን አታበላሺብን» የሚል ነበር።

ሁለተኛ፣ ነብሮቹ «ስለበዙ» የሸለቆውን መግቢያ የሚጠብቁትን አራት ሰዎች አንስተው የእንግዳ ማረፊያዎን በር እንዲጠብቁ ስላዛወሯቸው ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ከተነሱ በሳምንቱ ወደ ሸለቆው ብቅ ብለው የተመለሱት ትልቁ ጠባቂ፣ ሁላችንም አባባ የምንላቸው፣ የመኪና ጎማ ዱካ ማየታቸውን ነገሩኝ። «ልጄ፣ ሲገባ ቀሎት ነበር፤ ሲወጣ ግን ጎማው መሬቱን አርሶታል» አሉኝ።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ ከብዶኛል። ሁለት ደቦሎች የምታጠባው እናት ነብር አንገቷ ላይ ያለውን መከታተያ ያሰርኩላት እኔ ነኝ፤ የይለፍ ቃሌን መዝጋት ስለረሱልኝም ዛሬም ምልክቷን ካርታ ላይ፣ የካሜራዎቹንም ፎቶ አያለሁ። መከታተያው ከተቀመጠበት ካልተንቀሳቀሰ ዘጠኝ ቀን ሆነው። ቢሮዎ «እረፍት ላይ ናት» ብሎ አስታውቋል። የምታጠባ እናት ዘጠኝ ቀን አታርፍም። በትናንቱ ፎቶ ደቦሎቹ ብቻቸውን ካሜራው ሥር ተቀምጠዋል፤ የጎድን አጥንታቸው አንድ በአንድ ይቆጠራል። ይህን ቆጠራ እንኳ እንደማይሳሳቱት እተማመናለሁ።

ስለዚህ ጠባቂዎቹ ዛሬውኑ እንዲመለሱ፣ ለደቦሎቹም ሐኪም እንዲላክ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ፤ ነገ ከጠየቅሁ የምጠይቀው ለሁለት አይሆንም።

በግራም በቀኝም ቢቆጥሩኝ አንዲት ብቻ የሆንኩ፣ ዝም ማለትን ግን ያልተማርኩ፣
የቀድሞ ነብር ቆጣሪዎ

ተጨማሪ፦ መከታተያው ዘጠኝ ቀን የተቀመጠበትን ቦታ ካርታው ላይ አጉልቼ አየሁት። ሸለቆው ውስጥ አይደለም፤ ከቢሮዎ ጀርባ ያለው መጋዘን ውስጥ ነው። የመጋዘኑ ቁልፍ አንድ ብቻ መሆኑንና በማን ኪስ እንደሚያድር፣ እንዳያስገባኝ ያዘዙት ዘበኛ ሳይቀር ያውቃል።