የአባባ ጭንቅላት ፎቶ

ጥቅምት 6
ሱሉልታ ዛሬም ብርድ። አያቴ አባባ ዲሪርሳ ጫንጮ ላለው ወንድማቸው ደውለው «አካም ጂርታ!» ብለው ሰላም ሲሉት ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። «አባባ፣ ስልኩን ይዝጉት፤ ጫንጮ እንዲሁም ይሰማዎታል» አልኳቸው። ዱላ አነሱ። አመለጥኩ። አክስቴ እልፍነሽ፣ ይቺ የቲና ምላስ አንድ ቀን ሰው ትገድላለች አለች። የሷ ትንቢት መቼ ደርሶ ያውቃል? ባለፈው ዝናብ የለም ብላ ያሰጣነው ሁሉ በሰበሰ።

ጥቅምት 7
አባባ ወደቁ። በባርኔጣቸው እየቀለድኩ ነበር። መልስ ሊሰጡኝ አፋቸውን ከፈቱ... ቃሉ አልመጣም። ፊታቸው በአንድ ወገን ወረደ።
አክስቴ ዳማከሴ ጨመቀች። ምች ነው አለች። አምናም እጃቸው ሲደነዝዝ በዚሁ ቅጠል አድናቸዋለች። ያልነገረችው ሰው የለም። ቅጠሉ እምቢ ሲል አዲስ አበባ ወሰድናቸው።
አላለቀስኩም። ለምን?

ጥቅምት 8
ሐኪም ቤት። የመጀመሪያው ፎቶ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም አልፈሰሰም አለ። የደም ቧንቧ ተዘግቷል። ምን ዘጋው? ሌላ ፎቶ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ መድኃኒቱ አይለይም አሉ። ጠያቂው ግን ያለ ፎቶም ያውቃል። ጎረቤታችን ኦቦ ገርባ መጋኛ ነው አሉ። አንዷ ደግሞ የሰው ዓይን። አክስቴ እኔን አየችኝ። «ንዴት ነው። ማን እንደሚያናድዳቸው ታውቃላችሁ።»


ጥቅምት 9
ምንም። ሾርባ ይዤ ሄድኩ። ይዤ ተመለስኩ።

ጥቅምት 10
ሁለተኛው ፎቶ፣ ኤምአርአዩ፣ ደረሰ። ዶክተር ሰብለወርቅ ስክሪኑን ወደኛ አዞረች። ነጫጭ ነጥቦች፣ ግራም ቀኝም። በአንድ ወገን ብቻ ቢሆን የአንገታቸውን ቧንቧ እጠረጥር ነበር፣ እዚህም እዚያም ሲሆን ግን የረጋ ደም ከልብ እየተነሳ ነው አለች። የልብ ምርመራውም ምታቸው የተዛባ ነው ብሏል።
ንዴት ይህን ያመጣል ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ይመስላል።
«ልባቸው ከታመመ ቆይቷል። ይሄ ጠባሳ የአሁን አይደለም» ብላ በጣቷ ነካችው። «ከዚህ በፊት እጃቸው ደንዝዞ ያውቃል?»
አክስቴ የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልላለች። ለካ አምና በራሱ ጊዜ ነው የለቀቃቸው... ያኔ ብንመጣስ?
ስለ ዳማከሴው ቀልድ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ጥሩ ቀልድ። ዋጥኩት።

ጥቅምት 19
ቤት ገባን። ደም ማቅጠኛ በየቀኑ፣ ሳይቋረጥ። ኪኒኑን የምትሰጠው አክስቴ ናት። መዋጣቸውን አፋቸውን አስከፍታ ታያለች።
ኦቦ ገርባ ሊጠይቁ መጡ። ልጅቷ አናዳ ጣለቻቸው ሲባል ሰማሁ፣ እውነት ነው ወይ አሉ። እኔ እዚያው ቆሜ።
«ቲናን ይተዉአት ኦቦ ገርባ» አለች አክስቴ። «ፎቶውን በዓይኔ አይቻለሁ። አምናም ነበረባቸው። እኔ ነኝ ቅጠል ቀብቼ ያስተኛኋቸው።»
ኦቦ ገርባ ስለ ብርዱ ማውራት ጀመሩ።
አባባ በደህናው ወገን አፋቸው የሆነ ነገር አሉ። ጎንበስ አልኩ። ለካ ስልክ ነው የሚሉት። ድምፃቸው ከአልጋው አያልፍም። ጫንጮ ለወንድማቸው ደወልኩና የሚሉትን እየሰማሁ እኔ ተናገርኩላቸው።
«አካም ጂርታ!»
ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።