በትልልቁ ጻፊልኝ

ለልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገቧን ያማታል ብላ ልጅሽ ነግራኛለች፤ ተሻለሽ ወይ? ሥራው ተቁሞ የሚዋልበት ከሆነ ጫማሽን ቀይሪ፤ ወገብ የሚታመመው ከታች ነው። እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ጉልበቴን ካልቆጠርነው ደህና ነኝ። ጥርሴ ያኝካል፣ ጆሮዬ ይሰማል፣ እጄም አይንቀጠቀጥም። ባለፈው ወር ለዳቦ ጋጋሪው ባለሁለት ተካፋች በር ሠርቼ ራሴ ገጠምኩለት። በአንድ ጣት ገፋ ብታደርጊው ድምፅ ሳያሰማ ይዘጋል።

ይህን የሚጽፍልኝ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ነው። ፊደል እንዳልቆጠርኩ ታውቂያለሽ። ያልኩትን እንጂ ያላልኩትን እንዳይጨምር አስምዬዋለሁ። ገና ስንጀምር «ይህቺን ትንሽ ላሳምራት?» ብሎኝ ነበር። የሰው ሱሪ አሳምር፣ የእኔን አፍ ተው አልኩት። ይህንንም ጻፍ ብዬዋለሁ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። የልጅሽ ትምህርት ግራ አጋብቶኛል።

ትምህርት ቤት ይበሉት እንጂ ድሮ የመኪና መለዋወጫ ይሸጥበት የነበረ ፎቅ ቤት ነው። ተማሪው አንድ ሳይቀር ቢመጣ አርባ ሁለት ነው። ደወል የለም። ወንበሩ በረድፍ አይደረደርም። አንዱ መስኮት ሥር ቁጭ ብሎ ሒሳብ ይሠራል፣ አንዷ ደረጃው ላይ ሆና ታነባለች፣ መምህሯ ድስት እንደሚያማስል ሰው በመሃላቸው ትዞራለች። ለምን አንድ ዓይነት ትምህርት አትሰጫቸውም ብላት «አባባ፣ ሁሉም ኮሌጅ የሚደርሰው በየራሱ መንገድ ነው፤ እያንዳንዱ የራሱ እቅድ አለው» አለችኝ። ይህን ስነግረው ልብስ ሰፊው ደስ አለው። «እውነቷን ነው፤ በአንድ ልክ የተሰፋ ልብስ ግማሹን ሰው ያንቀዋል፣ ግማሹን ይውጠዋል» ይላል። እሱ ምንጊዜም ለሙያው ያደላል።

የልጅሽ ሒሳብ ደግሞ የእኔ ጣሪያ ነው። ሙት እውነቴን ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ የእንጨት ሥራ ቤቴ ውስጥ መሰላል ላይ ወጥታ ስትለካ፣ ስትጽፍ፣ ስትሰርዝ ከርማ የጣሪያውን ተዳፋት በቁጥር አወጣችው። እኔ በዓይኔ የማውቀውን! እና ልክ ነኝ ወይ ብላት «በሁለት ጣት ተሳስተሃል አባባ» አለችኝ። ሃያ ዓመት ጠብታ ያላስገባ ጣሪያ! ተናድጄ ቀኑን ሙሉ አላናገርኳትም። ማታ ግን በክንዴ ለካሁት፤ ተሳስቻለሁ። ይህን ለእሷ አትንገሪያት።

በየሦስት ወሩ ወላጅ ይጠራል። አንቺ ስለሌለሽ ወላጁ እኔ ነኝ። ሄድኩ። መምህሯ ትናገራለች ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ የምታወራው ልጅሽ ናት፤ መምህሯ አገጯን ይዛ ትሰማለች። የተቀመጥኩበት ወንበር አንድ እግሩ አጥሮ ይወዛወዛል፤ ሐሳቤ ግማሹ እዚያ ነበር። በመጨረሻ ልጅሽ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። መምህሯ «አባባ፣ በደንብ ያንብቡት፤ ከተስማሙ ይፈርሙ» አለችኝ።

ምን ልበል? አርባ ዓመት በዚህ ከተማ በር ሠርቻለሁ። አላነብም ልበላት? የእናትሽን መነጽር ከኪሴ አውጥቼ ሰካሁ። ከላይ ወደ ታች ዓይኔን አወረድኩ፣ መሃል ላይ ትንሽ ቆም አልኩ፣ አንገቴን ነቀነቅኩ። «ጥሩ ነው፤ አስባበታለች» አልኩ። በሮቼ ላይ የማደርጋትን መላጊያ የምትመስል ምልክቴን አሳርፌ ፈረምኩ። ልጅሽ ቀና ብላ አላየችኝም። አፍራብኛለች ብዬ ነበር። ስንወጣ ያንን ወንበር ይዤ ወጣሁ፤ በማግስቱ ጠግኜ መለስኩላቸው።

ሁለት ሳምንት አለፈ። መምህሯን ዳቦ ቤቱ በር ላይ አገኘኋት። «አባባ፣ በውሳኔዋ መስማማትዎ ገርሞኛል። የኮሌጁ ማመልከቻ ሊዘጋ ዐሥር ቀን ቀረው፤ እባክዎ አንድ ጊዜ ያናግሯት» አለችኝ። የቱ ውሳኔ? አላልኩም። «እናስብበታለን» ብዬ ዳቦዬን ሳልገዛ ተመለስኩ። የወረቀቱ ግልባጭ ቤት ነበር። ይዤው ልብስ ሰፊው ጋ ሄድኩ፤ አንብብልኝ አልኩት።

ማንበብ ጀመረና ቆመ። ምን ሆንክ ስለው «ይህ ይቅርብህ» አለኝ። እንድትመርጥልኝ አይደለም ያመጣሁት፣ አንብብ አልኩት። አነበበው። ልጅሽ የምትመኘው የግንባታ ትምህርት ያለበት ኮሌጅ የሁለት ቀን መንገድ ነው። ነጥቧ ይበቃል፣ መምህሯም እንደሚቀበሏት ታምናለች። ቀጥሎ ‹ወደ ኮሌጅ እንዳልሄድ የሚያግደኝ› የሚል ጥያቄ አለ። እሷ የመለሰችው «አያቴ። ብቻውን ትቼው መሄድ አልችልም። እዚሁ ሆኜ የጽሕፈት ሥራ ኮርስ እወስዳለሁ» ብላ ነው። ከሥሩ የእኔ መላጊያ አለች። ጥሩ ነው፣ አስባበታለች ብዬ የፈረምኩት ለዚህ ነው።

ልጄ፣ አንቺን ዘጠነኛ ክፍል ላይ ደብተርሽን ተቀብዬ ወደ መጋዘን ሥራ የላክሁሽ እኔ ነኝ። ምክንያት ነበረኝ፤ ዛሬ አልቆጥረውም። ያኔ ግን ዓይኔን ገልጬ ነው ያደረግሁት። በልጅሽ ላይ ደግሞ ሳላየው ልደግመው ነው?

ቤት ስትመጣ ተቆጣሁ። ማን ጠብቂኝ አለሽ አልኳት። እሷም አንደበቷ የአንቺው ነው፤ «መድኃኒትህን ማን ያነብልሃል? የእማዬን ደብዳቤስ ማን ያነብልሃል?» አለችኝ። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ጠርሙሶቹን በሚስማር ጫርኳቸው፤ የጠዋቱ አንድ ጭረት፣ የማታው ሁለት። አሳየኋት፤ እያነሳች አንድ በአንድ አየቻቸው። የቀረው ደብዳቤሽ ነው።

እናትሽ ካረፈች በኋላ የላክሽልኝ ያቺ አንዲት ደብዳቤ አለች አይደል። በሚስማር ጣሳዬ ውስጥ ነው የማስቀምጣት። ልጅሽ ስንት ጊዜ እንዳነበበችልኝ እሷም እኔም አናውቀውም። ደከመኝ ሳትል ታነብልኛለች። እኔ ደግሞ ጭንቅላቴ ወረቀት ነው፤ አንዴ የገባ አይወጣም። ስለዚህ እሁድ ጠዋት መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥኩ፣ መነጽሩን ሰካሁ፣ ደብዳቤሽን ዘረጋሁ። ነይ ተቀመጪ፣ ለካ አያትሽ በስተርጅና ተምሯል አልኳት።

ከ‹ይድረስ ለአባቴ› ጀምሬ ወረድኩት። ስለ እናትሽ ቀብር ያልሽውን፣ ቤቱን አትሽጠው ያልሽውን፣ ልጄን አደራ ያልሽውን፣ አንዷንም ቃል አልሳትኩም። ጣቴን በመስመሩ ላይ እያስኬድኩ። ከዚያ ያቺ ቦታ ደረስኩ፤ «አባዬ፣ ከትምህርት ቤት ያስወጣኸኝን ነገር ከልቤ ትቼዋለሁ፤ አንተም ተወው» ያልሽኝ ቦታ። እዚያ ላይ ልጅሽ አፏን በእጇ ያዘች። እንባዋ ወረደ። «እሱንም አነበብከው?» አለችኝ። አዎ፣ ይኸው እዚህ ጋ ብዬ ጣቴን መሃል ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩ። ጣቴ ያረፈበትን አየች። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ግንባሬን ስማ «ጎበዝ አባባ» አለችኝና ወደ ጓዳ ገባች። በማግስቱ ማመልከቻውን ሞልታ ሰጠች።

እኔ ያልገባኝ ይኸው ነው። ካመነችኝ ለምን አለቀሰች? ካላመነችኝ ደግሞ ለምን ሞላች? ሳገላብጠው ከረምኩ። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤሽን ላንብብልህ አትለኝም። አምናኛለች ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። አንቺ እናቷ ነሽና ከገባሽ ንገሪኝ።

አታለልኳት፤ ለመልካም ነው፣ ቢሆንም ማታለል ነው። ውሸቴን ውሸት አድርጌ መተው አልወደድኩም። ስለዚህ ሳምንት አልፎ ትምህርት ቤቱ ሄድኩና መምህሯን ለብቻዋ አስጠርቼ እውነቱን ነገርኳት፤ መነጽሩንም፣ ፊርማውንም። የምትስቅብኝ መስሎኝ ነበር። አልሳቀችም። ወረቀት አወጣችና «አባባ፣ እዚህ ሁሉም በሚፈልገው ነው የሚጀምረው። እርስዎ ምን ማንበብ ይፈልጋሉ?» አለችኝ። የልጄን ደብዳቤ አልኳት። ከደብዳቤውም ያቺን ቦታ። ሌላው ቢቀር ያቺን ቦታ በራሴ ዓይን ማየት እፈልጋለሁ አልኳት።

እንግዲህ ለእኔም እቅድ ወጣልኝ። ማክሰኞና ዓርብ ከሰዓት፣ ያቺ የጠገንኳት ወንበር ላይ። መጀመሪያ የዕቃዎቼን ስም፤ መጋዝ፣ መሮ፣ መዶሻ። ሦስት ወር ብንገፋበት ደብዳቤዋን ይዘው ይመጣሉ ብላኛለች። አንድ ጎረምሳ ተማሪ ‹አዲሱ ልጅ› ብሎ ስም አውጥቶልኛል። ጆሮውን እይዘዋለሁ።

ልጄ፣ አንድ ነገር ልበልሽ፤ ፊት ለፊት ብንሆን አልለውም። ስልክ ስትደውዪ ከልጅሽ ጋር አውርተሽ ‹ሰላም በይልኝ› ብለሽ ትዘጊያለሽ። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፅሽን አልሰማሁም። አልተቀየምኩሽም። ያቺ ቃልሽ ስላለችኝ ነው። ቂም ቢኖርብሽ እንዲያ ብለሽ አትጽፊም ነበር እላለሁ፣ እተኛለሁ። ስለጻፍሽልኝ አመሰግንሻለሁ። ይህንን በጊዜው ማለት ነበረብኝ።

እዚህ ጋ ልብስ ሰፊው ብዕሩን አቆመ። ደብዳቤዋን አሳየኝ አለኝ። ኪሴ ውስጥ ነበረች፤ ሰጠሁት። አነበበ። ገለበጠና የጠፋ ነገር እንደሚፈልግ ሰው ጀርባዋን አየ። ደግሞ ከላይ ጀምሮ አነበበ። ምን ትፈልጋለህ ስለው መነጽሬ ቆሽሿል ብሎ በሸሚዙ ጫፍ ሲወለውል ቆየ። ይህን አልጽፍም አለኝ፤ መሐላህ የት ሄደ ብዬ አስጻፍኩት።

ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ይህቺ ደብዳቤ አርጅታለች፤ ፊደሏም ደቃቃ ነው፤ ለጀማሪ አትሆንም። ልጅህ አዲስ ትላክልህ። ሦስቱ ወር ሳያልቅ ትላክልህ» አለኝ። ለምን እንዲህ እንደቸኮለ አልገባኝም። ደብዳቤሽ አላረጀችም፤ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የያዝኳት። ግን ስለ ፊደሉ እሱ ያውቃል፤ ስለዚህ እለምንሻለሁ። ረጅም አይሁን። ሌላው ሁሉ ቢቀር ያቺን ቦታ ብቻ እንደገና ጻፊልኝ። በትልልቁ ጻፊው። ቃሉን አውቀዋለሁና እንዳትለውጪው፤ ከቻልሽ።

ልጅሽ በመስከረም ትሄዳለች። ሳጥኗን ራሴ እሠራላታለሁ፤ ቁልፉ ብቻ ነው የቀረኝ።

ወገብሽን ይማርልሽ። እጅሽ የያዘው ይበርክት፣ ከደጅሽ ክፉ አይቁም፣ ልጅሽ አንቺ ካሰብሽው በላይ ትሁንልሽ። የበደልኩሽን እኔ አልረሳሁትም፤ አንቺ ስለረሳሽልኝ ዕድሜዬን ይስጥሽ።

አባትሽ

መላጊያዋ የዘወትር ምልክቴ ናት። ከጎኗ የተንጋደደችው ‹አ› ግን የዓርብ ትምህርቴ ናት፤ ልብስ ሰፊው አልነካትም።