ፈረስ የሌለበት ሰንጠረዥ

ጥቅምት 5 ቀን 2007 ዓ.ም.

ዝናቡ ዛሬም አላቆመም። ጥቅምት ገብቶ እንኳ እንጅባራ ክረምቱን መሸኘት አልፈለገችም... ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቤ ወጣሁ።

አከራዬ እትዬ ውቢት በሩ ላይ ጠበቁኝ። "መብራት መቼ ነው የሚመጣው?" የንጹህ ኢነርጂ ፖሊሲ ተንታኝ ነኝ ብዬ ከነገርኳቸው ሁለት ዓመት ሆነ። እሳቸው የያዙት መብራቱን ብቻ ነው። "ይመጣል እትዬ" አልኳቸው። ሌላ ምን ልበል?

ቢሮ፦ የዞኑን የአምስት ዓመት የኢነርጂ ዕቅድ ሰንጠረዥ መሙላት። ማገዶ፣ ከሰል፣ ኩበት፣ ነጭ ጋዝ፣ ቤንዚን፣ ኤሌክትሪክ፣ ፀሐይ። ድምሩ ሲገጥምልኝ እንዴት ደስ እንደሚለኝ! ይህን ሥራ እወደዋለሁ። ለሰው ማስረዳቱ ነው የሚያስቸግረኝ።

ጥቅምት 9

የቡድን መሪያችን አቶ ፀጋው ረቂቁን ለመጨረሻ ጊዜ እንዳነበው ሰጡኝ። ትራንስፖርት የሚለው ላይ ስደርስ እንዲህ ይላል፦ "ኋላቀር የፈረስ ጋሪዎች እስከ ግንቦት ድረስ ከዳንግላ መንገዶች ወጥተው በባጃጅ ይተካሉ።"

ማነው ይህን የጻፈው ብዬ ተናደድኩ። አሮጌ ፋይሎችን አገላብጬ ፈለግሁ... እኔ ነኝ። አምና ሥራው ሲያጣድፈን ከሌላ ከተማ ዕቅድ ላይ ገልብጬ፣ የከተማውን ስም ብቻ ለውጬ።

ገብስ የሚበላውን በቤንዚን መተካት! ያውም በንጹህ ኢነርጂ ዕቅድ! እሱስ ይሁን... አባዬ ዳንግላ ባለጋሪ ናቸው። በዚያች ጋሪ ነው ያስተማሩኝ። እንጀራቸውን የሚያሳጣቸውን ዓረፍተ ነገር የጻፈችው ልጃቸው ናት።

ቢሮ ውስጥ ይህን የሚያውቅ የለም። የአባቴን ሥራ ሲጠይቁኝ "ትራንስፖርት ላይ ናቸው" እላለሁ። ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም...

ሰነዱ ኅዳር 11 ለስብሰባ ይቀርባል። ከጸደቀ አለቀ።

ጥቅምት 16

ዳንግላ። ደብተር ይዤ ቀኑን ሙሉ ከአባዬ ጎን ጋሪ ላይ ዋልኩ። ስለ ዓረፍተ ነገሩ ትንፍሽ አላልኩም። "ጥናት ነው" አልኳቸው። ደስታቸው! ያገኙትን ሁሉ እያስቆሙ "ልጄ ፈረሴን ልታጠና መጣች" ይላሉ።

ፈረሱ ቦራ ይባላል። አባዬ ከሰው ጋር በአማርኛ፣ ከቦራ ጋር በአገውኛ ነው የሚያወሩት። ልጅ ሆኜ ፈረስ ሁሉ አማርኛ የማይሰማ ይመስለኝ ነበር።

አሥራ ሰባት ምልልስ ቆጠርኩ። እህል ወደ ወፍጮ፣ ዱቄት ከወፍጮ፣ ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ... አንዲት ነፍሰ ጡርም ወደ ጤና ጣቢያ አደረስን፤ ባጃጁ ጭቃውን አይቶ ተመልሶባት። ቤንዚን፦ ዜሮ ሊትር።

ዳገቱ ላይ አባዬ ወርደው ከኋላ ይገፉ ጀመር።

"ምነው ወረዱ?"

"እሱ ብቻውን ይሙት እንዴ? እኔም ግማሽ ፈረስ ነኝ።"

ይህንን የት ላይ ነው የምሞላው?

ጥቅምት 20

አቶ ፀጋው ዘንድ ገባሁ። ዓረፍተ ነገሩ ይውጣ፣ ሰንጠረዡ ላይም ለፈረስ አንድ ረድፍ ይጨመር አልኳቸው።

"ፈረስ ኢነርጂ ነው እንዴ፣ ማስተዋል?"

"አምስት ኩንታል ይጎትታል። ነዳጁ ገብስ ነው።"

"ጭሱስ?"

"ፋንድያ ነው። እሱንም ድንች ማሳ ላይ ይጨርሱታል።"

እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ደብተሬን ተቀብለው ቁጥሩን ረጋ ብለው አዩት። "ጥሩ ነው" አሉ። "ግን ያስገባሽው አንቺ፣ የምታስወጪውም አንቺ። ለምን ሲሉሽ ምን ትያለሽ?"

ደብተሬን ተቀብዬ ወጣሁ።

ጥቅምት 22

ለአባዬ ሳልነግር ስብሰባ አልገባም። በቃ።

ጥቅምት 30

ነገርኳቸው። የቦራን ጀርባ እያሹ ነበር። እጃቸው ቆመ።

"አንች ነሽ የጻፍሽው?"

"እኔ ነኝ።"

"እኛን እያወቅሽ?"

"ሳላስብ ነው አባዬ። ከሌላ አገር ወረቀት ገልብጬ..."

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቦራን አሽተው ጨረሱ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ።

"እንግዲያ ለእኔ ብለሽ እንዳታስለውጭው። ባለጋሪው እኔ ብቻ አይዶለሁም። ስትጽፊም ሁሉንም ጻፊ። አስፋልት ላይ እንደሚንሸራተት ጻፊ። እንደሚደክመው ጻፊ። ፈረስ እወዳለሁ ብለሽ አትዋሽ።"

ይህን ዩኒቨርሲቲ ማንም አላስተማረኝም። ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ። አፈርኩ... ግን ቀለለኝ። የእሳቸው ልጅ በመሆኔ ደስ አለኝ።

ኅዳር 6

በዓረፍተ ነገሩ ፈንታ የሚገባውን ጽፌ ጨረስኩ። አስፋልቱ ለባጃጅ፣ የወፍጮና የገበያው መንገድ ለጋሪ። ለፈረሶቹ የውሃ ገንዳና የማረፊያ ሰዓት። ጉድለቱም ሳይቀር ተጽፏል፦ ይንሸራተታል፣ ይደክመዋል። ሦስቴ አነበብኩት። አማረልኝ።

ኅዳር 11

ስብሰባ። ገና "ፈረስ" ስል ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ቁጥሩ ሲመጣ ሳቁ ቀነሰ። ነፍሰ ጡሯ ላይ ስደርስ ጨርሶ ጠፋ።

ከዚያ የፈራሁት መጣ። ከክልል የመጡት ሴትዮ መነጽራቸውን አወለቁና "መጀመሪያውኑ ይህን ዓረፍተ ነገር ማን አስገባው?" አሉ። አቶ ፀጋው አንገታቸውን ደፉ። ሊሸፍኑልኝ እንደሆነ ገባኝ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "ከሌላ ከተማ ሰነድ ገልብጬ ነው። የዳንግላን መንገድ ሳላይ። ዛሬ ያሳየኋችሁን ቁጥር የሰበሰብኩት ደግሞ ከአባቴ ጋሪ ላይ ነው። አባቴ ባለጋሪ ናቸው። ለአባቷ አድልታ ነው እንዳትሉ የሌሎቹም ይለካ።"

ፊቴ እሳት ሆነ። አጠገቤ የተቀመጠችው ባልደረባዬ ምሥራቅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ትራንስፖርት ላይ ናቸው አላልሽም?" አለችኝ።

"ናቸው እኮ።"

ሁለታችንም ሳቃችንን በወረቀት ጋረድን።

ዓረፍተ ነገሩ ወጣ! ሃያ ጋሪ ይለካ፣ ከባለጋሪዎቹ ጋር ውይይት ይደረግ፣ ከዚያ ይወሰን ተባለ። አቶ ፀጋው ስንወጣ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ታኅሣሥ 19

ሃያውም ጋሪ ተለካ። የአባዬ ቦራ በጉልበት አምስተኛ ወጣ። ስነግራቸው ተቀየሙ። "ሚዛኑ ነው" አሉ።

ጥር 14

ዛሬ ከባለጋሪዎቹ ጋር ውይይቱ ዳንግላ ተደረገ። ባልደረቦቼ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ቀድመው መጡ። እኔ ቤት ስላደርኩ ከአባዬ ጋር በጋሪ ወጣሁ። አዳራሹ የድሮ ትምህርት ቤቴ አጠገብ ነው።

አንድ መታጠፊያ ሲቀረን አባዬ ልጓሙን ሳቡ። ቦራ ቆመ።

"ምነው አባዬ?"

"እዚህ አይዶል የምትወርጅው?"

ለነገር አልነበረም። እንደ ልማድ ነው ያሉት።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው የጀመርኩት። ከትምህርት ቤቱ በር በፊት፣ ልጆቹ ሳያዩኝ፣ "እዚህ ያውርዱኝ" እላለሁ። እስከ አሥረኛ። ለምን ብለው አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። ያልገባቸው ይመስለኝ ነበር...

ከመታጠፊያው ማዶ አቶ ፀጋውና ምሥራቅ በሩ ላይ ቆመው ይታዩኛል።

"እስከ በሩ ይንዱ አባዬ።"

ዘወር ብለው አዩኝ። "የቢሮሽ ሰዎች ቁመዋል እኮ" አሉ ቀስ ብለው።

"ይቁሙ።"

ነዱ። በሩ ላይ ስንደርስ፣ ገና ከጋሪው ሳልወርድ፣ "አባቴ ናቸው፤ አቶ አበረ" አልኩ።