እንቁላል የያዙት ዘጠኝ ዓሦቻችን የት ገቡ?

ለተከበሩ የዓሣ ጫጩት ማባዣ ጣቢያ ኃላፊ

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና ባልደረቦችዎ በሙሉ ጤንነት እንዳላችሁ፣ በተለይም የምግብ ፍላጎታችሁ እንዳልቀነሰ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ ከዳንግላ ወጣ ብሎ ወንዝ ዳር የምኖር፣ እያረስኩ ዓሣም የማጠምድ ዜጋ ነኝ። ክረምት እንደገባ ወደ መንደራችን መጥተው «በወንዛችሁ ዓሣ እያለቀ ነው፤ እንቁላል የያዙትን ስጡን፤ አስፈልፍለን በጥቅምት አንድ ሺህ ጫጩት እንመልሳለን» ማለትዎን በአክብሮት አስታውሳለሁ። እውነትም እያለቀ ስለነበር አመንንዎ፤ መረባችንን ሰቀልን። ጎረቤቴ ወይዘሮ ሸጋ ዘጠኝ ዓሦች በበርሜል አድርገው፣ በጋሪ ጭነው፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ውሃ በጣሳ እየጨመሩ በሕይወት አደረሱልዎ።

ስለዚህ የሚከተሉትን ምስጋናዎች ለማቅረብ እገደዳለሁ።

፩ኛ. በነሐሴ ባዘጋጁት የውሃ ሀብት ጥበቃ ሥልጠና ላይ ስለጋበዙን እናመሰግናለን። አንዲት እንቁላል የያዘች ዓሣ መግደል ስንት ሺህ ዓሣ መግደል እንደሆነ በሥዕል ሲያስረዱን ወይዘሮ ሸጋ እንባ አቅርረው ነበር።

፪ኛ. ወቅቱ ፍልሰታ በመሆኑ ለጾመኛ አስበው ምሳውን የዓሣ ጥብስ ስላደረጉት እናመሰግናለን። ወይዘሮ ሸጋ ግን ጅራቷ የተሰነጠቀ አንዲት ዓሣ ሳህን ላይ አይተው ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ይቺን እኮ እኔ ነኝ ያመጣኋት!» አሉ።

እርስዎም ፈገግ ብለው «እናቴ፣ ገንዳው ውሃ አልያዘም፤ ከሚበላሽ ብለን ነው» አሏቸው።

ወይዘሮ ሸጋ ምንም ሳይቀምሱ ወጡ። ተከተልኳቸው።

፫ኛ. ጥቅምት ገብቶ ሲወጣ፣ ጫጩቶቹ «በመንገድ ላይ ናቸው» ብለው በስልክ ስላጽናኑን እናመሰግናለን። ዓሣ በእግሩ ስለማይሄድ መዘግየቱን እንረዳለን።

ክቡር ሆይ፣ ማባዣ ጣቢያ አያስፈልግም የሚል ሰው ከእኛ መካከል የለም። ጣቢያው ውሃ የያዘ ገንዳና ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ቢኖረው ኖሮ ወንዛችንን ያድን ነበር። ያ ስላልሆነ ወይዘሮ ሸጋ ከሥልጠናው ማግስት መንደሩን ሰብስበው «ከእንግዲህ የቀሩትን ራሳችን እንጠብቅ» አሉ። ወንዙ የሚታጠፍበትን ጥልቅ ቦታ ለይተን ማንም እንዳያጠምድበት በየተራ ጠበቅን። በኅዳር ውሃው ሲጠራ ከጥፍር የማይበልጡ ጫጩቶች ዳር ዳሩን ሲርመሰመሱ አየን። ወይዘሮ ሸጋ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በጣታቸው እየጠቆሙ ሊቆጥሯቸው ሞከሩ።

ለማዕረግዎ እጅ እየነሣሁ፣ ለቃልዎ ግን ሌላ ዋስ እየፈለግሁ፣
ይኸነው፣ የወንዝ ዳር ነዋሪ

ማስታወሻ፦ ሰሞኑን «ጣቢያው ያራባቸውን ጫጩቶች» ፎቶ ሊያነሡ እንደሚመጡ ሰምተናል። ደስ ይለናል። ብቻ መረብም ባልዲም ሳይዙ ይምጡ፤ መንደራችን እንግዳን «እባክዎ ባዶ እጅዎን ይምጡ» ብሎ ሲለምን ይህ የመጀመሪያው ነው።