እንቁራሪቶቹ ዝም ሲሉ

ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤ የረገጥሽው ሁሉ ይለምልምልሽ፣ ክፉ አይንካሽ።

እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ እንደ ልማዱ አምጿል። የኩሽናው ጣሪያ ተጠግኗል። ለእንቁራሪት ጥናትሽ ረግረጉ ዳር የሰቀልሽውን የድምፅ መቅረጫም ባትሪውን እየቀየርኩልሽ ነው።

ሐሙስ ሌሊት የቀረጸውን ዓርብ ጠዋት ከፈትኩት። እንቁራሪቶቹ ሲንጫጩ ቆይተው ድንገት ጸጥ አሉ። «ሰው ሲመጣ ነው ዝም የሚሉት» ብለሽኝ የለ? ከዚያ ዱላ አጥንት ሲሰብር ሰማሁ። የረግረጉ ዘበኛ «ስለ ልጆቼ!» እያለ ይለምናል። መቺው ደግሞ «ወጥመዴን ደግመህ ትነቅላለህ?» ይላል። ድምፁ የታላቅ ወንድምሽ ነው። ሰውየው ማቃሰቱን እስኪያቆም ቀጠቀጠው።

ወንድምሽ ያኔ ሳሎን ቁርሱን ይበላል፤ እጁ አብጧል። ስጠይቀው «በር መታኝ» አለኝ።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፣ ምን አደርጋለሁ? ዘበኛው ነፍሱ ተርፋለች፤ መንጋጋው ግን ደቆ መናገር አልቻለም። ስለዚህ እኔ ተናገርኩለት። መቅረጫውን ይዤ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ፤ ወንድምሽን ከቤቴ ወሰዱት።

ዕድሜሽን ያርዝመው፤ ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ። የተቀረጸውን ሁሉ ልልክልሽ ቃሌ ነውና ቅጂውን ልኬልሻለሁ። አደራሽን ልጄ፣ እንቁራሪቶቹ ዝም ሲሉ ዝጊው። የቀረውን እኔ ሰምቼልሻለሁ።

እናትሽ