ያልተቀደደ ሱሪ ለልብስ ሰፊ

ውድ ዶክተር፣

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር እንድትረጂልኝ እፈልጋለሁ፦ ውሻችን ዳኛው ደህና ነው። ይበላል፣ ይጮኻል፣ እኔና ባለቤቴ ስንጨቃጨቅ እንደ ልማዱ አንዴ እኔን አንዴ እሷን እያየ መሃላችን ይቀመጣል። ምንም አልሆነም። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽም ምንም ስላልሆነ ነው። ምንም አለመሆኑ ግን እንዲያው በዕድል የመጣ ስላልሆነ፣ ነገሩን ከመነሻው ልንገርሽ። ቅደም ተከተል እንደምወድ ታውቂያለሽ።

የእንስሳት ክሊኒኩን ለቀሽ የሄድሽ ዕለት ካርቶኖችሽን ላስርልሽ መጥቼ ነበር። ማዳመጫሽን በፎጣ ጠቅልለሽ፣ ካርቶኑ ውስጥ ሳትከቺው እጅሽ ላይ ይዘሽ ቆምሽና «ጋሼ፣ እዚህ በቆየሁበት ጊዜ ስንቱን አዳንኩ?» አልሽኝ። መልሴንም ሳትጠብቂ ቀጠልሽ፤ «የሚያመጡልኝ የታመመውን ብቻ ነው። እሱም ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆንብኛል። ጤነኛውን አምጡልኝ ስላቸው ይስቁብኛል። ላልመጣ በሽታ ማን ምስጋና ይሰጣል?» ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያልሆነ ነገር እንዴት እንደሚቆጠር ግን አላውቅም ነበርና የካርቶኑን ገመድ ቋጠርኩልሽ። ያ ጥያቄሽ ከእኔ ጋር ቀርቶ ነበር።

መቼም የልብስ ሰፊውን ቀልድ አትረሺውም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በበረዶ የያዘውን ሰማያዊ ሳጥንሽን አንግተሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ መንገዳችን ስትመጪ፣ እሱ በሩ ላይ የስፌት መኪናውን እየረገጠ ነበር። መርፌሽን ስታወጪ አየና፣

«ዶክተር፣ ጤነኛ ውሻ መውጋት ምን ይሉታል? ያልተቀደደ ሱሪ ለልብስ ሰፊ እንደ መስጠት እኮ ነው» አለሽ።

መንገዱ በሙሉ ሳቀ። አንቺም አብረሽ ሳቅሽና፣ «ስፌቱ የላላ ሱሪ ሲያመጡልዎትስ እስኪቀደድ ይጠብቃሉ?» አልሽው።

«የላላ ስፌት በዓይን ይታያላ!»

«የዚህን ስፌት የማየው ደግሞ እኔ ነኝ። ይልቅ ይምጡና ራሱን ይያዙልኝ።»

ያ ደንብሽ ብዙ ሰው ያስገርም ነበር። የእንስሳውን ራስ የሚይዘው ባለቤቱ ሳይሆን ጎረቤት እንዲሆን ትፈልጊ ነበር። ምክንያቱን ስጠይቅሽ፣ «ባለቤቱ መርፌ ሲያይ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ እንስሳው ያንን ፍርሃት ከእጁ ይቀበላል። ጎረቤት ግን ምን ጨነቀው?» አልሽኝ። ልብስ ሰፊውም እየተነጫነጨ ተነሥቶ የዳኛውን ራስ በጉልበቶቹ መሃል ያዘ። ዳኛው ከሰውየው አንገት ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር ጫፉን እያኘከ፣ መቼ እንደተወጋ እንኳ ሳያውቅ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የያዘልሽ እሱው ነው። ፊት ለፊቱ ያለችው ባለሱቅ ደግሞ በየዓመቱ ከመስኮቷ ሆና «ልብስ ሰፊ፣ ዛሬ ደግሞ ምን እየለካህ ነው?» ትለው ነበር። የራሱን ድመት፣ ያችን ወይዘሮ ብለን የምንጠራትን ኩሩ፣ አንድም ቀን አምጥቷት አያውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ዝናቡ ሊያበቃ ሲል አንድ ጠዋት የልጅ ልጄ በረንዳው ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ክር ታስር ነበር። የግቢው በር ገርበብ ብሏል። ባለቤት የሌለው ውሻ በዚያ ገባ፤ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ የኋላ እግሮቹ ይንገዳገዳሉ። ምን እንደሆነ ገብቶኝ ከወንበሬ እስክነሣ ድረስ ዳኛው መሃል ገብቶ ነበር። ባለቤቴ ልጅቷን አፈፍ አድርጋ ወደ ቤት አስገባቻት። እኔ በመጥረጊያ እንጨት ያንን ውሻ ገፍቼ አስወጣሁና በሩን ዘጋሁ። ልጅቷ ምንም አልነካትም። ዳኛው ግን ጆሮው ተነክሶ ይደማ ነበር።

የማዘጋጃ ቤት ሰዎች መጥተው ያንን ውሻ ያዙት። በኋላ ሲመረመር የእብድ ውሻ በሽታ እንደነበረበት ተረጋገጠ። ጎረቤቶቼ ግን ምርመራ አልጠበቁም፤ ወዲያው በሬ ላይ ተሰበሰቡ።

«ያበደ የነከሰው ማበዱ አይቀርም» አለ አንዱ።

«ዛሬውኑ ይገደል» አለ ሌላው።

ከሁሉ ድምፁ የጎላው ልብስ ሰፊው ነበር። «መምህር፣ እኔም እወደዋለሁ፤ ያውቃሉ። ግን ልጆች አሉን።» አልተቀየምኩትም። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ይህንኑ እል ነበር። የልጅ ልጄ በመስኮቱ ውስጥ «ዳኛው ምን አጠፋ?» እያለች ስታለቅስ ይሰማኛል።

«ተከትቧል» አልኳቸው። «በየዓመቱ ተከትቧል።»

«ተከትቧል ይሉናል፤ ማን አየ?» አለች ባለሱቋ።

ልብስ ሰፊው በዚህ ጊዜ ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ፤ መልሶ ሰቀለው።

«እኔ አይቻለሁ» አለ። «ራሱን የያዝኩት እኔ ነኝ። መርፌው ሲገባ በእነዚህ ዓይኖቼ አይቻለሁ። አንቺስ ብትሆኚ በመስኮትሽ ስትስቂብኝ አልነበረም እንዴ?»

ባለሱቋ ቀና ብላ አሰበች። «እሱስ... ሳቄ ትዝ ይለኛል» አለች።

ከኋላ የቆመው ባለጋሪም «እኔም ስቄያለሁ» አለ። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ ሁሉም ስቆ ስለነበር ሁሉም ምስክር ሆነ። በመጨረሻ ልብስ ሰፊው «እንግዲያው ሐኪም ይወስን፤ እኔና እናንተ ምን እናውቃለን» ብሎ ነገሩን ዘጋው።

በአንቺ ቦታ የመጣው ሐኪም ጎበዝ ነው። ጓንት አስደርጎን ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ አሳጠበን፤ ተጨማሪ ክትባት ሰጠው፤ እኔንና ባለቤቴንም ዛሬውኑ የሰው ሐኪም ቤት ሄዳችሁ ታዩ ብሎ አዘዘን። ዳኛውን የያዘው ማን እንደሆነ መገመት አያቅትሽም። ስንወጣ ሐኪሙ በሩ ላይ አቆመኝና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ቀድሞ ባይከተብ ኖሮ ዛሬ የምነግርዎ ሌላ ነገር ነበር» አለኝ።

አንድ ወር ተኩል ከሰው ተለይቶ ይቆይ ተባልን። ከቤቱ ጀርባ በሽቦ አጥር ለየነው። የልጅ ልጄ ከአጥሩ ራቅ ብላ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የትምህርት ቤት መጽሐፏን ታነብለት ነበር፤ ማካፈል ሲያቅታትም እሱን ታማክረዋለች። ልብስ ሰፊው፣ ያበደ ውሻ ውሃ መዋጥ እንደሚያቅተው ሰምቶ፣ በየጠዋቱ ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ብቅ ይልና «ውሃ ጠጣ?» ይለኛል። «ጠጣ» ስለው «ተመስገን» ብሎ ይሄዳል። ሌላ ወሬ የለም። አንድ ቀን ዳኛው ሳህኑን ገልብጦት ልብስ ሰፊው ባዶ ሲያየው፣ እኔ ሌላ ውሃ ቀድቼ ዳኛው ጭልጥ አድርጎ እስኪጠጣው ድረስ ከዚያ አልተነቃነቀም።

ጊዜው አልቆ ስፈታው ዳኛው ወዴት ሮጠ መሰለሽ? ወደ ልብስ ሰፊው በር። ያችን ሜትር አፉ ውስጥ ከተታት። ሰውየው «ተው አንተ፣ መተዳደሪያዬን በላኸው እኮ» እያለ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እንባውን እንዳናይ ነው፤ ሁላችንም አየን።

ስንቱን አዳንኩ ብለሽኝ ነበር። ቁጥሩን ዛሬም አላውቀውም፤ የት እንደሚኖሩ ግን አውቃለሁ። አንዷ አሁን አጠገቤ ተቀምጣ እርሳሷን እየቀረጸች ነው። ሌላው እግሬ ሥር ተኝቷል። የቀሩት በየጠዋቱ በሬ ላይ «እንደምን አደሩ፣ መምህር» እያሉ ያልፋሉ፤ ካንቺ የተቀበሉት ነገር እንዳለ ብዙዎቹ አይገምቱም። ስለ እነሱም ሆኜ አመሰግንሻለሁ፣ ልጄ። ምስጋናው የዘገየው በእውነት የሚገባሽ መሆኑ እስኪገለጥልን ድረስ ነው።

አሁን የመንገዳችን ሰው ሁሉ ውሻና ድመቱን ማስከተብ ይፈልጋል። አዲሱ ሐኪም ብቻውን ስለሆነ ክሊኒኩን ጥሎ መውጣት አልቻለም፤ ክትባቱንና በረዶውን ግን አዘጋጅላችኋለሁ ብሎናል። ያገኘሽውን የመድኃኒት መጋዘን ሥራ ተዪ አልልሽም። የምንለምንሽ አንድ የዕረፍት ቀንሽን ብቻ ነው።

ልብስ ሰፊው ወይዘሮን ለማምጣት ወስኗል። ትናንት በቅርጫት ሊለማምዳት ሞክሮ እጁን ቧጥጣዋለች። «ያልተቀደደ ሱሪ አለኝ፤ መጥተሽ እይልኝ» ብሎሻል። ከወዲሁ እጁ እየተንቀጠቀጠ ስለሆነ፣ በደንብሽ መሠረት ራሷን የምይዘው እኔ ነኝ።

ሰውየው ሐሳቡን ሳይለውጥ፣ እኔም ድፍረቱ ሳያልቅብኝ፣ የትኛው ቀን እንደሚመችሽ እባክሽ ቶሎ ጻፊልን።

ጎረቤትሽ፣
የወይዘሮን ራስ ለመያዝ የተመደበው መምህር